ሲሞቃት የምትንቀጠቀጥ

ፍጥረት ሁሉ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቀውም ይረጋል። ይህ ሥርዓት ዐዋጅ ሳይነገርለትና ዳኛ ሳይሰየምለት ከአዳም ጀምሮ ሲከበር የኖረ ስለ ሆነ፣ ማለዳ የእንጦጦ ውርጭ ገና ከመስተዋቷ ላይ ሳይለቅ ቁልፍ ሲዞርላት ወዲያው ተነሥታ ጸጥ ብላ የምትሠራ፣ ነገር ግን ፀሐይ ከፍ ብላ ሙቀቱም በብረቷ ሁሉ ከተሰራጨ በኋላ በየትራፊክ መብራቱ ቆማ የምትርበተበት አሮጌ አውቶሞቢል ያለችው ሰው፣ ነገሩ ከሥርዓተ ተፈጥሮ የወጣ መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በሽታው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ቁርጡ ታውቆ በቀለለ ነበር፤ እርሷ ግን መንገድ ስታገኝ እንደ ልቧ ትሮጣለች፣ ዳገቱን ሳታቃስት ትወጣለች፣ ዕድሜዋን በንቀት የተመለከተውንም አዲስ መኪና ሁሉ ወደ ኋላ ትታ ታሳፍረዋለች። የምትታመመው ስትቆም ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ፣ መገናኛን ወይም ሜክሲኮ አደባባይን ማምሻውን ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ባለ መኪና የዕድሜውን ሰፊ ክፍል የሚፈጽመው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው።

መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ይህ ቆሞ መሥራት ለማያውቀው ሰው የሞተር ዕረፍት ይመስለዋል። ዕረፍት ግን አይደለም፤ ለሞተር ከዚህ የሚከብድ ፈተና የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ፣ አየር የሚገባበትም በር ተዘግቶ፣ በደቂቃ ከ750 እስከ 850 ጊዜ ያህል ብቻ የሚዞረው ሞተር ለነፍሱ ማቆያ የምትበቃ ጥቂት አየርና ጥቂት ቤንዚን ይዞ፣ ከሲሊንደሮቹ አንዱ እንኳ ሳይሰንፍ ራሱን በራሱ እንዲያዞር ይፈረድበታል። በሩጫ ጊዜ የሚጠፋው ጥቂት ነገር በብዛቱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ በሚኒሞ ጊዜ ግን የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል። ባለጸጋ ሰው ከኪሱ አሥር ብር ቢወድቅበት ሳያውቀው ወር ያልፋል፣ በኪሱ አሥራ አምስት ብር ብቻ ያለው ምስኪን ግን ያችው አሥር ብር ብትጠፋበት ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ የሚኒሞም ኑሮ እንዲሁ ነው።

የእኔዋ አውቶሞቢል ስዊድናዊት ናት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ማንም ፋብሪካ ከእጁ የወጣው ፍጥረት ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ስለ ጠባዩ ሊጠየቅ አይገባምና። ወደዚህ አገር ያመጣት የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ትቷት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከባለቤት ወደ ባለቤት ስትተላለፍ ኖራ እኔ ዘንድ ደረሰች። አራት ሲሊንደርና አንድ ተርቦ አላት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀንበር ስለ ጫነ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ቀድሞ የእልኸኛ ሥራ እየተባለ ይታማ የነበረው አሮጌ መኪናን የማስታመም ግብር ዛሬ የቁጠባ ጥበብ ተብሎ ይመሰገናል። ምስጋናው ግን ከሕመሙ አያድንም።

ሕመም በአደባባይ ከታየ ሐኪሙ ይበዛል። ጎረቤቴ ጡረተኛው ሻምበል በኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን ጥቂት አሳርፈው ከቆዩ በኋላ፣ ነዳጅ ውስጥ ውኃ ገብቷል ብለው ፈረዱ፤ በኦጋዴን በረሃ በነበሩበት ዘመን የቆመ መኪና ሁሉ የቆመው በነዳጅ ምክንያት ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ምክንያት ሁሉ እንደ ባዕድ ይቆጥሩታል። የእድራችን ጸሐፊ ባለፈው ክረምት የራሱ መኪና ባትሪ ሞቶበት ስለ ነበር ባትሪ ነው አለ። መድኃኒት ቤት ያለው ወዳጄ ወደ ነዳጅ ታንከሩ የሚጨመር አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ አዘዘልኝ፤ ከምግብ በፊት ይሁን ከምግብ በኋላ ብቻ አልነገረኝም። አማቴ ደግሞ ሁላችንንም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ ይህ የዓይን ሥራ ነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳታረጅ ስትሮጥ ያያት ሰው በልቷት ነው ብለው ጸበል ረጩላት፤ ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ ምንም ያላስወጣኝ ይህ ብቻ መሆኑን ሳልመሰክር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በአጥሩ ማዶ ያለው ወጣት ጎረቤታችን በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ስለ ገዛ፣ ሲቆም የሚጠፋ ሲነሣም የማይሰማ ስለ ሆነ፣ ሚኒሞ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በአክብሮት ጠየቀኝና የበለጠ አቆሰለኝ። በመጨረሻም ጉባኤው በአንድ ድምፅ የተስማማበት ቃል «ተርቦው ነው» የሚል ሆነ። ከጉባኤው አባላት መካከል ተርቦ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ ስለ ተርቦው ጥቂት ልሟገት ይፈቀድልኝ። አልፍሬድ ብዩኪ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ይህን ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 በፓተንት ሲያስመዘግብ፣ ሐሳቡ እጅግ ቀላልና እጅግ ብልህ ነበር፤ በጭስ መውጫው በኩል በከንቱ የሚጠፋው ትኩስ ጋዝ አንዲት መንኰራኵር ያዞራል፣ በዚያችው ዘንግ ጫፍ ያለችው ሁለተኛዋ መንኰራኵር ደግሞ ንጹሑን አየር አፍና ወደ ሞተሩ ትገፋዋለች። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ይህች ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ትዞራለች። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ይህ ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ለተቆረቆረችው ለአዲስ አበባ ግን ካሳ ነው፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳልና። ጐረቤቶቻችን በመኪኖቻቸው ዳገት ሲወጡ የሚጎድላቸውን ያችን ሩብ፣ ተርቦ ያለው ሰው ከጭሱ ተበድሮ ይመልሳታል።

ነገር ግን በሚኒሞ ጊዜ ይህ ሁሉ የለም። የሚወጣው ጭስ ጥቂት ስለ ሆነ መንኰራኵሯ በስንፍና ትንከባለላለች እንጂ የምትገፋው አየር አይኖራትም፤ ከአየር በሩ ወዲያ ያለው ማኒፎልድም ግፊት ሳይሆን ባዶነት ይነግሥበታል። እንዲያውም ተርቦ ያለው ሞተር በግፊት ጊዜ ራሱን እንዳይጎዳ የመጭመቅ ልኩ ሆን ተብሎ ዝቅ ስለሚደረግ፣ በሚኒሞ ጊዜ ተርቦ ከሌለው ወንድሙ ትንሽ ደከም ያለ ነው። ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰዓት ተርቦው ተኝቶ ነበር። ፈጽሞ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ በኃይል ሲሠራ ከቤቱ የሚወጣው ግለት በዙሪያው ያለውን ላስቲክ ሁሉ ሲያበስለው ይኖራል፣ አየሩም ከማጣሪያው ወደ ተርቦው፣ ከተርቦው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣው ወደ አየር በሩ የሚጓዝበት ቱቦና መጋጠሚያ ስለሚበዛ፣ ቀዳዳ ሊበቅልበት የሚችለውን ቦታ አብዝቶታል። በመጥፎ ጎረቤትነት ይከሰስ ቢሉኝ እስማማለሁ።

አሁን ወደ ጋራዥ እንግባ። በዚህ በሽታ የተያዘች መኪና ባለቤት ከሚደርስበት መከራ ዋነኛው፣ መኪናዋ ጋራዥ ስትደርስ መዳኗ ነው። ባለ ጋራዡ ሥራ ስለሚበዛበት «ትደርና ጠዋት እናያታለን» ይላል፤ ታድራለች፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ላይ ቁልፍ ሲዞርላት፣ ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘው ብረቷ ያለ አንዳች መናወጥ ይሠራል፤ ባለቤቷንም ዓይኑን አፍጦ የነበረው ሁሉ በርኅራኄ ይመለከተዋል። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ምንም የላትም፣ እንደ አዲስ ናት» ይባላል። ሰውዬው በመኪናው ጤና መደሰት ሲገባው በንዴት የሚቃጠልበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ጠዋት ጻድቅ፣ ቀትር ላይ ኃጥእ የሆነችን ፍጥረት በጠዋት ችሎት አቅርቦ ማስፈረድ አይቻልም።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ ደግሞ አለ። ፈጣኑና ደግ ልብ ያለው ወጣት መካኒክ ባለቤቱን ባዶ እጁን እንዳይሸኘው ብሎ አራቱን ካንዴላ ይለውጣል፤ ለመለወጥ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ከተለወጠ በኋላ ሲነሣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አይንቀጠቀጥም፤ ሁሉም «አገኘናት!» ብለው ይጨባበጣሉ። መኪናዋ ሦስተኛው መብራት ላይ ስትደርስ ትሞቅና ነገሩ እንደ ነበረው ይሆናል። ቀጥሎ ቦቢናው፣ ከዚያም የካንዴላው ኬብል፣ ከዚያም የነዳጅ ፊልትሮው በዚሁ ሥርዓት ይለወጣሉ፣ እያንዳንዱም ለግማሽ ሰዓት ያህል መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣን በሽታ አቀዝቅዞ የሚያክም ሰው ሁልጊዜ የተሳካለት ይመስለዋል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

በመጨረሻ የደረስኩባቸው ሽማግሌ መካኒክ ከጎተራ ወዲህ ባለች ጠባብ ግቢ የሚሠሩ፣ ንግግራቸው ቍጥብ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት «መቼ ነው የሚነሣባት?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምኗን እንደሚያማት የጠየቀኝ ብዙ ነበር፤ መቼ እንደሚያማት የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ስነግራቸውም መልሰው ላኩኝ፤ ቀትር ላይ መንገዱ ሲጨናነቅ ዞሬ ዞሬ፣ በሚገባ ካመማት በኋላ ሞተሩን ሳላጠፋ እንድመጣ አዘዙኝ። እንደ ታዘዝኩት አደረግሁ። እርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መካኒክ ፊት ሳታፍር ተንቀጠቀጠች፤ እኔም የመኪናዬን ሕመም አይቼ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ሽማግሌው በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር የአራቱን ካንዴላ ኬብል ተራ በተራ፣ እጃቸው እንዳይመታ ተጠንቅቀው፣ ነቅለው መመለስ ነበር። አንዱ ሲነቀል ሞተሩ ምንም ለውጥ ባያሳይ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም ሥራ ፈት ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ካንዴላውን፣ ኖዝሉን ወይም ቫልቩን መጠርጠር ይገባል። የእኔዋ ግን በአራቱም ላይ እኩል ደነገጠች። «ስለዚህ ኀዘኑ የጋራ ነው» አሉ፤ ለአራቱ ሁሉ በአንድነት የሚደርስ ነገር፣ ማለት አየሩ፣ የነዳጁ ግፊት ወይም ኮምፒዩተሩን የሚመክር ሴንሰር ነው እንጂ የአንዱ ጥፋት አይደለም ማለታቸው ነበር። በዚህች በአምስት ደቂቃ ምርመራ እኔ ገንዘብ ያፈሰስኩባቸው ዕቃዎች ሁሉ ነጻ ወጡ።

የዚያ ዘመን ስዊድናውያን መሐንዲሶች በኮፈኑ ሥር፣ በአንድ ጥግ፣ አጭር ሽቦና አንዲት መጫኛ፣ አንዲትም ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ትተዋል። ሽቦው በቁጥር በተለየ ቀዳዳ ገብቶ መጫኛዋ ስትጫን፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች በሦስት አኃዝ ትናዘዛለች፤ 1-1-1 ካለች ኃጢአት የለብኝም ማለቷ ነው፣ 1-2-3 ካለች የውኃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር በድሏል ማለቷ ነው። ሽማግሌው ሲጫኗት 2-3-2 አለች። ትርጓሜውም በሚኒሞ ጊዜ የአየሩና የቤንዚኑ ድርሻ ኮምፒዩተሩ ሊያቃናው ከሚችለው ወሰን አልፏል ማለት ነው። ሣጥኗ እንግዲህ ኃጢአቱን ትናገራለች፤ ያሳታትን ግን አትናገርም። ብዙ መካኒክ ደግሞ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተጠራውን ሴንሰር ወንጀለኛ አድርጎ ይለውጠዋል፣ ምስክሩን ገድሎ ሌባውን ይለቀዋል።

ለምን ሲሞቅ ብቻ? የነገሩ ምስጢር ያለው በዚህ ነው። ቤንዚን በሥርዓት እንዲነድ አንዱ እጅ ቤንዚን ከ14.7 እጅ አየር ጋር በክብደት መዋሐድ አለበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ከሚረጨው ቤንዚን ከፊሉ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ስለሚቀር፣ ኮምፒዩተሩ ይህን አውቆ እጁን ይፈታል፣ ከሚገባው በላይ ይሰጣል፤ በጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ የውሕደቱን ትክክለኛነት የሚመረምረውም ሴንሰር ከ300 ዲግሪ በላይ እስኪግል ድረስ ስለማይነቃ ማንም ምክሩን አይጠይቀውም። ይህ መርማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ቦሽ ሠርቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካሊፎርኒያ በተላኩ የቮልቮ መኪኖች ላይ ከመታየቱ በፊት፣ ሞተሮች ያለ መርማሪ ይኖሩ ነበር፣ ቢያጨሱም ቢያነክሱም በራሳቸው ኅሊና ነበር። እንግዲህ በሆነ ስፍራ፣ አየሩን ከሚመዝነው ሴንሰር ወዲያ፣ ሳይመዘንና ሳይቈጠር ሾልኮ የሚገባ አየር ቢኖር፣ ጠዋት የተትረፈረፈው ቤንዚን ይሸፍነዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ልግስናው ይነሣል፣ ሾልኮ የገባው አየር ግን አይነሣም። ያን ጊዜ ውሕደቱ ይሳሳል፣ መርማሪው ይጮኻል፣ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ይጨምራል፣ ጭማሪው አይበቃም፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል።

ከዚህ በፊት ግን ሊመሰክር የሚገባው አንድ ሌላ ተጠርጣሪ ነበር። የውኃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ቢዋሽ፣ ማለት ሞተሩ ሞቆ ሳለ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቢያስወራ፣ ልግስናው አይቆምምና ሞተሩ በቤንዚን ይሰክራል፤ ውጤቱም መንቀጥቀጥ ነው። ሽማግሌው በቴስተራቸው ለኩት፤ በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም ያህል የሚያሳየው ይህ ሴንሰር 80 ዲግሪ ላይ ወደ 300 ኦም መውረድ አለበት፣ ወረደም። እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ተሰናበተ።

ረዳታቸው በዚህ መካከል የቫኩም ጌጅ ከማኒፎልዱ ላይ ሰክቶ ነበር፤ መርፌው ከ10 ኢንች በታች ሲያመለክት አይቶ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ገልጦ፣ ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 22 ሊያሳይ እንደሚገባው አነበበና ራሱን ነቀነቀ፤ ቴስታታው ሊፈታ ነው ማለቱ ነበር። እኔም ራስ ምታት ጀመረኝ። ሽማግሌው ግን መጽሐፉን ተቀብለው ዘጉት። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ነው፤ አየሩ በሚሳሳበት በዚህ ከፍታ መርፌው ለጤነኛውም ሞተር 7 ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ የእኛ ጤነኛ ከ11 እስከ 15 ነው። የእኔዋ ጥቂት ጎድሏታል እንጂ አልሞተችም። ይህን አንድ ቅናሽ ባለማስላት በዚህች ከተማ ስንት ጤነኛ ቴስታታ ያለ ጥፋቱ ተፈትቶ ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሾልኮ የሚገባውን አየር መያዝ ግን ሌላ ጥበብ ነው፣ አየር አይታይምና። በበለጸገው አገር ለዚህ ሥራ ጭስ የሚሠራ መሣሪያ ይሸጣል፤ ሽማግሌው ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ከሁለት ጠባብ ቱቦና ከአንድ የእግር ፓምፕ የራሳቸውን ሠርተዋል፤ በዘይት የተነከረ ጨርቅ በቆርቆሮው ውስጥ ይጨሳል፣ ጭሱም በቀስታ፣ በእጅግ ጥቂት ግፊት፣ ወደ ማኒፎልዱ ይገፋል። ረዳቱ ለምን ዕጣን አንጨምርበትም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። «ልጄ፣ ዕጣን ሙጫ ነው፤ ሴንሰሩን ያጣብቅብናል። ዕጣኑን ለቤተ ክርስቲያን ተውለት» አሉት። ሞተሩ ጠፋ፤ እንዲቀዘቅዝ ግን አልተፈቀደለትም፣ የሚፈለገው ሌባ የሚወጣው በሙቀት ነውና። የአየር ማጣሪያው አፍ በጨርቅ ተወተፈ። ሁላችን ጎንበስ ብለን ስንጠባበቅ፣ ከማኒፎልዱ ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት ጠባብ ስፍራ፣ ቀጭን ጭስ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ።

የሞተሩ ሆድ የሚተነፍስበት የጎማ ቱቦ ነበር። በእያንዳንዱ የፒስተን ምት ጥቂት ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ዕቃ ይወርዳል፤ ያ ጋዝ ታፍኖ እንዳይቀር በዚህ ቱቦ ወደ ማኒፎልዱ ተመልሶ እንዲነድ ይደረጋል። ቱቦው ዘመኑን ሁሉ ዘይት ሲጠጣና በተርቦው ግለት ሲበስል ኖሮ፣ በሆዱ በኩል ጥፍር በምታህል ርዝመት ተሰንጥቆ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ይከፈታል። በሚኒሞ ጊዜ በዚያች ስንጥቅ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ተርቦው በሚገፋበት ጊዜ ደግሞ በዚያችው ስንጥቅ አየር ወደ ውጭ ይተፋል፤ የሁለተኛው በደል በዚያ ሁሉ የአየር ብዛት መካከል ስለማይታወቅ መኪናዋ ስትሮጥ ጤነኛ ትመስላለች። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሥተው ቱቦውን በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆነጠጡት፤ መኪናዋ ጸጥ አለች። ለቀቁት፤ ተንቀጠቀጠች። ይህን የእኔን ልብ ለማሳመን ደገሙት፤ ልቤ ግን ከመጀመሪያው አምኖ ነበር፣ ደስ ስላለኝ ብቻ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ መካኒክ ቱቦውን ለውጦ ሒሳቡን ይቀበል ነበር። እርሳቸው ግን የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው፣ ከረዳቱ እጅ አንድ የላስቲክ ጓንት ተቀብለው በአፉ ላይ አለበሱት። ሞተሩ በነጻነት የሚተነፍስ ቢሆን ጓንቱ ወድቆ ይቀራል፣ ወይም ወደ ውስጥ ይሳባል። ጓንቱ ግን ቀስ በቀስ ነፍስ ዘርቶ፣ አምስቱን ጣቶቹን ዘርግቶ ተነሣ፤ ረዳቱም በትሕትና እጅ ነሣው። የመተንፈሻው መንገድ በዘይት ዝቃጭ ተዘግቷል ማለት ነው፤ በሆዱ የታፈነውም ጋዝ ለቱቦው መሰንጠቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ዝቃጩ ያለበት ዕቃ ወጣ፣ በቤንዚን ታጠበ፣ ተመለሰ። ጓንቱ ሁለተኛ ሲለብስ እንደ ተሸነፈ ዝቅ ብሎ ተኛ።

ቱቦውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። በሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም ይባላል፤ እውነትም አልጠፋም፤ ለእኔዋ የሚሆን ብቻ ነው የጠፋው። «የቶዮታ ነው፣ ግን ይገባል» የሚለውን ቃል በየሱቁ ሰማሁ፤ በአዲስ አበባ በስተመጨረሻ ሁሉም ነገር የቶዮታ ይሆናል፣ ይገባልም። ሽማግሌው አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ስለ ነበር የውኃ ቱቦ ሳይሆን ዘይትና ቤንዚን የሚችለውን መርጬ ገዛሁ፤ ዋጋውም ከአንዲት ካንዴላ ያነሰ ነበር። ተቆርጦ ገባ፣ በሁለት ፋሸታ ታሰረ፣ መርፌው ወደ 13 ወጣ፣ ሣጥኗም ከቆይታ በኋላ 1-1-1 አለች።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ ጉባኤው ያለ ጥሪ ተሰበሰበ። የእድሩ ጸሐፊ ባትሪ ማለቱ በጠቅላላው ለመናገር እንጂ ባትሪውን ለይቶ አለመሆኑን አስረዳን። መድኃኒት ቤት ያለው ወዳጄ ፈሳሹ ቱቦውን ከውስጥ አለስልሶ ጥፋቱ ቶሎ እንዲገለጥ ረድቷል አለ። አማቴ ምንም አልተናገሩም፣ ጸበሉ ከተረጨ ወዲህ ያለውን ጊዜ ብቻ በጣታቸው ቈጠሩ። ሻምበል ግን ወደ ዳር ወሰዱኝና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእርሳቸውም አሮጌ ናፍጣ መኪና ችግር እንዳለባት አጫወቱኝ፤ የእርሷ ጠባይ የእኔዋ ግልባጭ ነው፤ ማለዳ ስትነሣ ታጨሳለች፣ ታነክሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከሞቀች በኋላ ግን ምንም የላትም። እኔም በአዲሱ ሥልጣኔ ኮራ ብዬ፣ እኒያ ሽማግሌ ዘንድ አብረን እንደምንሄድ፣ ነገር ግን ሌሊቱን ደጅ አድራ፣ ፀሐይ ሳትነካት፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ እዚያው ሳትነሣ ሊያዩዋት እንደሚገባ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። ሻምበል በወታደር ሥርዓት ሰሙኝ፣ ተረድቻለሁ አሉ።

በቀጠሮው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞተሯ በደንብ ሞቆ ጸጥ ብላ የምትሠራዋን መኪና እያሽከረከሩ ወደ ግቢው ገቡና፣ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ሽማግሌውን በብርድ አናስቸግራቸው ብዬ በእንጦጦ በኩል ዞሬ አሙቄያት መጣሁ» አሉኝ።